«የአባት ስም» በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ

ደብዳቤው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 33 ነው። አባቴ ደግሞ 66 ዓመቱ ነው። ለብቻዋ ያሳደገችው እናቱ፣ ማለትም አያቴ፣ አምና አረፈች። ስለ አባቱ ሲጠይቃት ዕድሜዋን ሙሉ የምትመልስለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አንተ ሳትወለድ ሞተ።» ዕቃዋን ስናነሣ ከሳጥኗ ሥር ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ የአባቴ የልደት ሰርተፊኬት ነው። «የአባት ስም» በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ አለ። ሌላው የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶ ነው። ከጀርባው በእስክሪብቶ «እስክመለስ» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚያ በፊት እንዲያው ለጨዋታ ያህል ዲኤንኤ ተመርምሬ ነበር። ባለፈው ወር ውጤቴን ስከፍት ከዘመዶች ዝርዝር አናት ላይ የማላውቀው ሰው ስም አየሁ። 58 ዓመቱ ነው። 912 ሴንቲሞርጋን እንጋራለን ይላል። ድረ ገጹ «የአጎት ወይም የአክስት ልጅ፣ ወይም ሌላ ቅርብ ዘመድ» ብሎታል። ከእኔ ቀድማ የተመረመረችው የእናቴ እህት ልጅም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለች። አባቴ ስለ ምርመራውም ስለ ፎቶውም የሚያውቀው ነገር የለም። ይህ ሰው ምኔ ነው? በቀጥታ ልጻፍለት? ወይስ ነገሩን እንዳለ ልተወው?

የልጅ ልጅ ነኝ

መልስ

ውድ የልጅ ልጅ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ ቆሜ የቀረሁት «እስክመለስ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። አያትሽ ያንን ፎቶ ይህን ሁሉ ዓመት አልጣለችውም። ፍለጋውን ስትጀምሪ ይህን አስቢው። የምትፈልጊው የሰው ጥፋት አይደለም። የሰው ሕይወት ነው።

ከቁጥሩ እንነሣ። ሴንቲሞርጋን ሁለት ሰዎች ምን ያህል ዲኤንኤ እንደሚጋሩ የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ወላጅና ልጅ 3,400 አካባቢ ይጋራሉ። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች 1,750 አካባቢ ይጋራሉ። አጎትና የወንድሙ ልጅም፣ አያትና የልጅ ልጅም እንደዚሁ ናቸው። 912 ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። እዚህ ደረጃ ላይ የሚቀመጡት ዘመዶች አንድ ዓይነት አይደሉም። የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል። የአያትሽ ወንድም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ አባትሽ ወይም እናትሽ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙት ወንድም፣ ማለትም አጎትሽ ሊሆን ይችላል። ዲኤንኤው በእነዚህ መካከል አይመርጥልሽም። ሰውየው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይነግርሻል እንጂ በየት በኩል እንደመጣ አይነግርሽም። መንገዱን የሚያሳይሽ ወረቀት ነው።

መጀመሪያ ግን ሰውየው በየትኛው ወገን እንደሆነ እናጣራ። ይህን ዛሬውኑ፣ ያለ ምንም ወጪ ልታደርጊው ትችያለሽ። የሰውየውን ስም ክፈቺና «የጋራ ዘመዶች» የሚለውን ክፍል እዪ። የእናትሽ እህት ልጅ እዚያ ውስጥ አለች? ሰውየው ለምሳሌ እናትሽ በአንድ ወላጅ ብቻ የምትገናኘው ወንድም ቢሆን ኖሮ ለእሷም የዚያኑ ያህል ቅርብ ዘመድ ስለሚሆን ስሟ በእርግጠኝነት ይወጣ ነበር። ከሌለች ሰውየው በአባትሽ በኩል ነው ብለሽ ቀጥዪ።

በአባትሽ በኩል ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። በአያትሽ ወገን ነው ወይስ በማይታወቀው ሰው ወገን? እዚህ ላይ ለአንቺ የምትመች አንዲት ዘዴ አለች። ሴት ነሽና ኤክስ ክሮሞሶም የሚባለው የዲኤንኤ ጥቅል ሁለት አለሽ። አንዱን የሰጠሽ አባትሽ ነው። እሱ ደግሞ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ያገኘውም ከእናቱ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚዛመድሽ በወንድ አያትሽ በኩል ከሆነ በዚያ መንገድ ኤክስ ላይ ልትገናኙ አትችሉም። ኤክስ ላይ ሰፋ ያለ የጋራ ቁራጭ ካለ ፊትሽን ወደ ሴት አያትሽ ወገን መልሺ። ከሌለ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በሩን ክፍት አድርጎ ይተወዋል። ኤክስን ለይተው የሚያሳዩት ሁሉም ድርጅቶች አይደሉም። ፋሚሊትሪዲኤንኤና ጄድማች ያሳያሉ።

አሁን ዕድሜውን እንመልከት። ሰውየው 58፣ አባትሽ 66። የጠፋው አያትሽ ወንድም ነው እንዳንል፣ አያትሽ በሕይወት ቢኖር ዛሬ 86 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል ብለን ብንነሣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር 28 ዓመት ይራራቃሉ። ከአንድ እናት እንዲህ የሚራራቁ ልጆች ጥቂት ናቸው። የአክስት ወይም የአጎት ልጅ ነው እንዳንል፣ አያትሽ ከዚያው ሰው ሌላ፣ ከአባትሽ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ልጅ መውለድ ነበረባት። ዕድሜው ሚዛኑን ወደ አንድ ቦታ ያደፋዋል፦ አባትሽ በአባቱ ብቻ የሚገናኘው፣ በስምንት ዓመት የሚያንሰው ወንድም።

እርግጠኛ ሁኚ እያልኩሽ አይደለም። ግን ይህ እውነት ከሆነ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድመሽ ልትገነዘቢው ይገባል። ያ ሰው አባትሽ ሳይወለድ አልሞተም ማለት ነው። ቢያንስ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖሯል። አባትሽን የሚያመው ዲኤንኤው አይደለም። ይህቺ ሒሳብ ናት። አያትሽ ዋሽታለች ለማለትም አትቸኩዪ። ወታደር ነበር። አለመመለሱን ያወቀችው እንዴት ነው? ሞቷል ያላት ሰው ይኖር ይሆን? ይህን የሚመልሰው መዝገብ ነው። የጠፉና የተማረኩ ወታደሮች ስም ዝርዝር፣ የወታደሮች የግል ማኅደርና የጡረታ ሰነድ በየሀገሩ ቤተ መዛግብት አለ። በሕይወት እያለ «ሞቷል» ተብሎ መርዶ የተነገረለት ወታደር ደግሞ ብዙ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስደሽ ሥሪ። ያገኘሽው ሰርተፊኬት ብዙውን ጊዜ ከዋናው መዝገብ የተቀዳ አጭር ቅጂ ነው። ዋናውን መዝገብ አስወጪ። በዋናው ላይ በገጹ ጠርዝ የተጻፉ ነገሮች ይኖራሉ፤ ኋላ የተጨመረ ስም፣ የተሰረዘ ቃል፣ የሌላ ሰነድ ቁጥር። ቅጂው እነዚህን ይተዋቸዋል። ያስመዘገበው ማነው? አድራሻው የት ነው? ምስክር ሆኖ የፈረመው ማነው? አባትሽን ክርስትና አስነሥተውት ከነበረም ያንን መዝገብ ፈልጊ፤ የክርስትና አባቱን ስም እዪ። ምስክርና የክርስትና አባት አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ወይም የቅርብ ጎረቤት ነው። የጠፋ አባት ወንድም ምስክር ሆኖ ፈርሞ የተገኘበት መዝገብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰረዟንም በትክክል እናንብባት። «አባቱ አይታወቅም» ማለት ላይሆን ይችላል። በእንግሊዝ ለምሳሌ ከ1875 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያልተጋቡ ወላጆች ልጅ ሲመዘገብ አባትየው ራሱ ተስማምቶ፣ አብሮ ቀርቦ ካልፈረመ ስሙ አይጻፍም ነበር። እናቲቱ ስሙን ብታውቀውም፣ ብትናገረውም ጸሐፊው አይጽፈውም። ግንባር ያለ ወታደር ደግሞ መዝገብ ቤት ቀርቦ ሊፈርም አይችልም። የአባትሽ ልደት በተመዘገበበት ጊዜና ቦታ ሕጉ ምን ይል እንደነበር ጠይቂ። ያቺ ሰረዝ የአያትሽ ዝምታ ሳትሆን የደንብ ጉዳይ ልትሆን ትችላለች።

አንድ ሌላ ነገር። መዝገብ ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። ሁልጊዜ «ይህን የተናገረው ማነው? እንዴትስ ያውቃል?» በዪ። በአንድ የሞት ምስክር ወረቀት ላይ የሞተበት ቀን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተናገረው ሰው አጠገቡ ነበርና። እዚያው ወረቀት ላይ ያለው የትውልድ ዓመት ግን ከአማች አፍ የወጣ ግምት ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ የእናቴን አያት ስፈልግ አንድ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ዘር ስቆጥር ኖሬአለሁ። የማላውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን የዘር ሐረግ እንዳለ ገለበጥኩት። ስሙ አንድ ነው፣ የትውልድ ዓመቱም አንድ ነው። የጋብቻ መዝገቡን ባገኝ ጊዜ ፊርማው ላይ ዓይኔ ቀረ። የእኔ ሰው መጻፍ አይችልም ነበር፤ በሌሎች ወረቀቶች ላይ ሁሉ የአውራ ጣቱ አሻራ ነው ያለው። ይህኛው አምሮ የተጻፈ ስም ነው። ሌላ ሰው ነበር። ያን ዕለት በጣም አዘንኩ። አንቺን እንዲህ እንዳይገጥምሽ የሌላ ሰው ሐረግ ላይ ያየሽውን ሁሉ እንደ ጥቆማ ውሰጂው፤ መዝገቡን ራስሽ ሳታዪ አትጻፊው።

ዲኤንኤና ወረቀት እንዴት እንደሚደጋገፉ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በባርነት ይዟት ከነበረችው ከሳሊ ሄሚንግስ ልጆች ወልዷል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲያከራክር ኖሯል። በ1998 የዋይ ክሮሞሶም ምርመራ ተደረገ። ዋይ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ነው። ጄፈርሰን የወንድ መስመሩን የሚያስቀጥል ወንድ ልጅ ከሚስቱ ስላልተረፈለት ናሙናው የተወሰደው ከአባቱ ወንድም የወንድ ዘር ነው። ከሳሊ ትንሹ ልጅ ከኤስተን የወንድ ዘር ጋር ገጠመ። ግን ዲኤንኤው የተናገረው «ከጄፈርሰን ቤት የሆነ ወንድ» ብቻ ነው። ጄፈርሰን ወንድም ነበረው፣ የወንድም ልጆችም ነበሩት፤ ሁሉም ያንኑ ዋይ ይዘዋል። ነገሩን ያጠበበው ወረቀት ነው። ጄፈርሰን መንገድ የሚያበዛ ሰው ነበር፤ እንቅስቃሴውም ተመዝግቧል። ሳሊ በምታረግዝበት ጊዜ ሁሉ ግን ሞንቲቼሎ በሚባለው ቤቱ ውስጥ ነበር። ዲኤንኤው ቤቱን አሳየ፤ የቀን መዝገቡ ሰውየውን አሳየ።

የአንቺም ጉዳይ እንዲሁ ነው የሚሆነው። አባትሽ ቢመረመር ከሰውየው ጋር 1,750 አካባቢ ሊጋራ ይችላል። ግን ወንድምም፣ አጎትም፣ የወንድም ልጅም ያው 1,750 አካባቢ ነው። ስለዚህ የአባትሽ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። አባትሽና ሰውየው የዋይ ምርመራ ቢያደርጉና ቢገጥም የአክስት ልጅነት ይወድቃል፣ የአባት መስመር ይጸናል። አንቺ ዋይ የለሽም፤ ለዚህ የግድ አባትሽ ያስፈልጋል። ቢመረመር ሌላም ጥቅም አለው። እሱ የአባቱን ዲኤንኤ ግማሽ ይዟል። አንቺ ጋ የደረሰው ሩብ ያህል ነው። አንቺ ዝርዝር ላይ የማይወጡ የሩቅ ዘመዶች እሱ ላይ ይወጣሉ። ሦስተኛ ትውልድ የአጎት ልጆች፣ ማለትም ቅድመ አያቶቻቸው ወንድማማቾች የሆኑ ሰዎች፣ ከአሥሩ አንዱ ጋር ምንም የሚታይ ዲኤንኤ አይጋሩም። አንድ ትውልድ ወደ ላይ መውጣት ብዙ ያተርፋል።

እስከዚያው በእጅሽ ባለው መሥራት ትችያለሽ። ወረቀትና አራት ባለ ቀለም እርሳስ ያዢ። በ2018 ዳና ሊድስ የምትባል የዘር ሐረግ አጥኚ ያስተዋወቀችው ዘዴ ነው። ከ90 እስከ 400 ሴንቲሞርጋን የምትጋሪያቸውን ሰዎች ስም ወደ ታች ጻፊ። የመጀመሪያውን ቀይ ቀቢው። ከእሱ ጋር የጋራ ዘመድ ሆነው የሚወጡትን ሁሉ ቀይ ቀቢያቸው። ከዚያ ያልተቀባውን የመጀመሪያ ስም ሰማያዊ አድርጊው፤ ዘመዶቹንም እንዲሁ። ስትጨርሺ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቡድን ይወጣል፤ ለአራቱ አያቶችሽ ማለት ነው። ሦስቱን በምታውቂያቸው ስሞች ትለያቸዋለሽ። አንዱ ግን አንድም የምታውቂው ስም የሌለበት ይሆናል። እሱ የጠፋው አያትሽ ወገን ነው። ሰውየው ራሱ ከዚያ ቡድን ሰዎች ጋር የጋራ ዘመድ ሆኖ ከወጣ ነገሩ ጠበቀ ማለት ነው። ዘመዳሞች እርስ በርስ ሲጋቡ በኖሩበት ማኅበረሰብ ግን ቀለሞቹ ይደበላለቃሉ፣ ቁጥሮቹም ከትክክለኛው ከፍ ይላሉ። እንዲህ ከሆነብሽ አትደናገጪ፤ ቀስ ብለሽ ሂጂ።

የዚያን ቡድን ሰዎች የዘር ሐረግ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ሁለትና ሦስቱ ላይ የሚደጋገሙ ባልና ሚስት ፈልጊ። ከእነሱ ወደ ታች ውረጂ፤ በሕዝብ ቆጠራ፣ በጋብቻ መዝገብ፣ በኑዛዜ፣ በጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ። የምትፈልጊው በዚያን ዘመን ወጣት የነበረ፣ ወታደር የሆነ፣ አያትሽ በነበረችበት ቦታ የነበረ ወንድ ነው። ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ በነጻ የሚከፈት ትልቅ የመዝገብ ክምችት አለው፤ ከእሱ ጀምሪ። «ከዚህ አካባቢ ይህን ያህል በመቶ፣ ከዚያ ይህን ያህል» የሚለውን የውጤት ገጽ ግን ለዚህ ሥራ እርሺው። ድርጅቱ ማነጻጸሪያውን በለወጠ ቁጥር አብሮ ይለወጣል፤ የሰው ስም አይሰጥሽም።

ፎቶውን ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጊው። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ ከተማና ዘመን ይሰጥሻል። ኮፍያው ላይ፣ አንገትጌው ላይ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ምልክት አጉልተሽ እዪ፤ ክፍለ ጦር የሚታወቀው በእሱ ነው። ምንም ነገር መጻፍ ካስፈለገሽ በእርሳስ ብቻ፣ ያውም በሌላ ወረቀት ላይ ጻፊ።

ለሰውየው ልጻፍለት ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ግን አሁን አይደለም። ስትጽፊም እንዲህ አጭር ይሁን፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የዲኤንኤ ዝርዝር ላይ በቅርብ ዘመድነት ወጥተናል። የአባቴን ወገን ታሪክ እያጠናሁ ነው። ስለ ቤተሰብዎ ጥቂት ነገር ብጠይቅዎ ፈቃደኛ ይሆናሉ? ባይመችዎም ይገባኛል።» በቃ። ፎቶውን አትላኪ። «አባትዎ» የሚለውን ቃል አታንሺ። እናቱ በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ነገር ሰምቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። እሱም እንደ አንቺ ለጨዋታ ተመርምሮ ይሆናል። ዝም ካለ ወር ሁለት ወር ጠብቂ፤ ብዙ ሰው ገጹን የሚከፍተው አልፎ አልፎ ነው። አንዴ ደግመሽ ጻፊ። ከዚያ ወዲያ ተዪው፤ በዘመዶቹ በኩል ዞረሽ አትሂጂበት።

«አሁን አይደለም» ያልኩሽ በአባትሽ ምክንያት ነው። ዲኤንኤሽ የራስሽ ነው፤ በመመርመርሽ አላጠፋሽም። የተፈለገው ሰው ግን የእሱ አባት ነው። ያ ሰው ነገ መልስ ቢጽፍልሽ አባትሽ የማያውቀውን የአባቱን ስም አንቺ ይዘሽ ትቀመጫለሽ። ያንን ይዘሽ ከእሱ ጋር ማዕድ መቅረብ ከባድ ነው። በኋላ «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?» ሲልሽ የምትመልሺው ይቸግርሻል። ስለዚህ አስቀድመሽ ንገሪው። በስልክ አይሁን፤ ሰው በተሰበሰበበትም አይሁን። «አልፈልግም» ካለ ፈቃዱን አክብሪ። ከብርጭቆው ጫፍ ወይም ከማበጠሪያው ናሙና ልውሰድ ብለሽ አታስቢ። ጊዜ ስጪው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ዛሬ «ተዪኝ» ብሎ ከሳምንት በኋላ ራሱ ሊጠይቅሽ ይችላል።

ቢስማማ ምርመራው ቀላል ነው። ከመትፋቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አይብላ፣ አይጠጣ፣ አያጭስ። ውሉን ግን አብራችሁ አንብቡት። መረጃው ለፖሊስ ፍለጋ ይውላል ወይ? ለምርምር ይሰጣል ወይ? በኋላ ማስጠፋት ይቻላል ወይ? በ2018 አሜሪካ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሲፈለግ የኖረ ነፍሰ ገዳይ የተያዘው ዘመዶቹ እንደ ጄድማች ባሉ ድረ ገጾች ላይ ባስቀመጡት ዲኤንኤ በኩል ነው። መልካም ነገር ነው፤ ግን አንድ ሰው ሲመረመር ዘመዶቹም አብረው እንደሚታዩ አባትሽ አውቆ ይግባበት። ሌላም ነገር ንገሪው፤ ውጤቱ ማንም ካሰበው ውጪ ሊወጣ ይችላል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ሳልሳዊ አፅም በ2012 ሌስተር ከተማ መኪና ማቆሚያ ሥር ሲገኝ ሚቶኮንድሪያ የሚባለው፣ በእናት መስመር የሚወርደው ዲኤንኤው ከእህቱ ዘሮች ጋር ገጠመ። የወንድ መስመሩ ዘር ናቸው ተብለው የተመዘገቡት ሰዎች ዋይ ግን አልገጠመም። በመካከል የሆነ ቦታ ላይ መዝገቡ ያልያዘው አባት ነበረ። የነገሥታት ዘር፣ ያውም በጥንቃቄ የተጻፈ ሐረግ!

ስትነግሪው ከቁጥር አትጀምሪ። 912ን፣ ሴንቲሞርጋንን፣ ዝርዝሩን ሁሉ ለኋላ አቆዪው። ከፎቶው ጀምሪ። የት እንዳገኘሽው ንገሪውና በእጁ ስጪው። ጀርባውን አንቺ አታንብቢለት። ራሱ ያገላብጠው።